ለአሮጌ የቤት ኮምፒውተር ቺፕ ከየት ይገኛል? ደብረ ማርቆስ ሆኖ ለሚፈልግ

ቺፕ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት አዳፕተሩን ለኩ። ይህን ምክር ማንም አይወደውም። ደብረ ማርቆስ ሱቄ የሚመጣ ባለኮምፒውተር ሁሉ ገና ክዳኑ ሳይከፈት «ቺፑ ነው የተቃጠለው፣ ቺፑን ብቻ ፈልግልኝ» ይላል። ሥራዬ በዋናነት ቴሌቪዥን፣ ቴፕና ሪሲቨር ነው። አልፎ አልፎ ግን ከ40 ዓመት በፊት የተሠራ የቤት ኮምፒውተር በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል። አንዱን ባለቤቱ እንግሊዝ አገር ሲማር የገዛው ነው። ሌላውን ጀርመን ያለች አክስት ልካው ነው። እኔ ደግሞ እነዚህን ማሽኖች ስወድ ለጉድ ነው። ሌላውን ሥራ አስቀምጬ እነሱን እከፍታለሁ። የሪሲቨር ደንበኞቼ ይህን ባያነቡት ይሻላል።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ቺፑ ላይ የሚታተመው እሱ ነውና።

አዳፕተሩ ለምን ይቀድማል? ኮሞዶር 64ን ውሰዱ። ኮሞዶር የሚባለው ኩባንያ በ1982 ያወጣው የቤት ኮምፒውተር ነው። አዳፕተሩ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። ውስጡ በሙጫ ስለተሞላ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ቮልቱን ልክ የሚያደርገው ክፍል፣ ሬጉሌተሩ፣ ሲያረጅ 5 ቮልቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀድመው የሚሄዱትም ሜሞሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ ከማሽኑ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት። ከ5.25 ቮልት ካለፈ መልሳችሁ እንዳትሰኩት። በዚያው አዳፕተር አዲስ ቺፕ ብትጨምሩ አዲሱም ይቃጠላል። መብራታችን ሄዶ ሲመጣ ደግሞ እንዴት እንደሚመጣ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሲንክሌር የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራው የቤት ኮምፒውተር፣ ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ ሌላ ወጥመድ አለው። አዳፕተሩ 9 ቮልት ነው፣ ግን የመሰኪያው መሀል ኔጌቲቭ ነው። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ያለው አዳፕተር አብዛኛው መሀሉ ፖዘቲቭ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ስፔክትረማቸውን ይዘው መጡ።

«ጋሼ፣ አዳፕተሩ የት አለ?»

«እሱማ ድሮ ጠፋ። የሪሲቨሩን ሰካሁበት፣ ልኩ ገጠመልኝ።»

ልኩ መግጠሙ ነው ጉዱ። ስፔክትረም ውስጥ ከ9 ቮልቱ ላይ 12 ቮልትና ኔጌቲቭ 5 ቮልት የሚያወጣ ክፍል አለ። ያ ክፍል ሲበላሽ 4116 የሚባሉት ሜሞሪዎች አብረው ይሄዳሉ። 4116 ሦስት ቮልቴጅ ነው የሚፈልገው። እግር 1 ላይ ኔጌቲቭ 5፣ እግር 8 ላይ 12፣ እግር 9 ላይ 5 ቮልት መኖር አለበት። እግር 16 ግራውንድ ነው። ኔጌቲቭ 5 ጠፍቶ 12 ከቀረ ቺፑ አይተርፍም። እነዚህን ሦስቱን ሳትለኩ ሜሞሪ ብትቀይሩ ብራችሁን ጣላችሁ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ሞክሩ። ሶኬት ላይ የተቀመጡ ቺፖችን ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ እግራቸውን እዩ። ጠቁሯል? በፋርማሲ አልኮል ጠርጉና መልሱት። (አረቄ አይሆንም፤ ውኃ አለበት። ጠይቀውኝ ያውቃሉ።) ከዚህ በኋላ ካልተነሣ ነው ወደ ቺፕ ፍለጋ የምንሄደው።

የትኛውን ዓይነት ነው የምትፈልጉት?

ፍለጋው የሚቀልም የሚከብድም በዚህ ነው። አንዳንዱ ቺፕ ብዙ ፋብሪካ የሠራው፣ የትም ማሽን ውስጥ ያለ ነው። 74 ብሎ የሚጀምረው የሎጂክ ቺፕ ሁሉ፣ ሜሞሪው፣ ኢፕሮሙ (ፕሮግራም የሚጻፍበት፣ ጠፍቶ እንደገና የሚጻፍ ቺፕ)፣ ዜድ80 ፕሮሰሰር፣ 8255 (ከኪቦርድና ከመሳሰሉት ጋር የሚያገናኘው)፣ 6845 (ስክሪኑን የሚቆጣጠረው) እንዲህ ናቸው። ሌላው ደግሞ አንድ ኩባንያ ለራሱ ማሽን ብቻ ያሠራው ነው። የኮሞዶር ቪክ (የምስሉ ቺፕ) እና ሲድ (የድምፁ ቺፕ)፣ የስፔክትረም ዩኤልኤ (ምስሉንና ኪቦርዱን አንድ ላይ የያዘው ቺፕ) እዚህ ይመደባሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ጎጃም ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው አይገኝም፣ ወይም የሚገኘው ከሌላ የሞተ ተመሳሳይ ማሽን ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያባክነው የመጀመሪያውን ከውጭ ለማስመጣት እየጠበቀ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በየገበያው እየዞረ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። «ኤስኤን74ኤልኤስ257ኤኤን» የሚል ብታገኙ የፊቱ ኤስኤን የፋብሪካው ምልክት ነው፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ። በሌላ ፋብሪካ ዲኤም ወይም ኤችዲ ሊል ይችላል። ለእናንተ ቁም ነገሩ 74፣ ኤልኤስ እና 257 ነው። ከሥር ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበት ጊዜ ነው። 8423 ካለ በ1984፣ በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ 7408 የቺፑ ስምም የ1974 8ኛ ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ሌላውን መስመር አይታችሁ ነው የምትለዩት።

ኮሞዶር ደግሞ ተራውን ቺፕ የራሱን ቁጥር ያትምበታል። 7708 የሚል ቺፕ የሚያስፈራ ይመስላል፤ እሱ ግን 74ኤልኤስ257 ነው።

ሜሞሪ ላይም ስሙ እንደየፋብሪካው ይለያያል። አብዛኛው ኮሞዶር 64 ውስጥ ስምንት 4164 አለ። ያንኑ ቺፕ ሂታቺ 4864፣ ፉጂትሱ 8264፣ ማይክሮን 4264 ይለዋል። ከሰረዝ በኋላ ያለው ቁጥር ፍጥነቱ ነው፤ 15 ማለት 150 ናኖሰከንድ፣ 20 ማለት 200። ትንሹ ቁጥር ፈጣኑ ነው። ፈጣኑ በዘገምተኛው ቦታ ይገባል፣ የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም።

4164ን በ4116 ቦታ ዝም ብላችሁ እንዳትሰኩት። ሁለቱም 16 እግር ናቸው፣ ቁልጭ ብለው ይገጥማሉ። ግን 4164 እግር 8 ላይ 5 ቮልት ነው የሚጠብቀው፣ እዚያ ያለው 12 ነው። ባለ 48 ኪሎባይቱ ስፔክትረም ላይ ያሉት ተጨማሪ ስምንት ሜሞሪዎች ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። ሲንክሌር ግማሻቸው የተበላሸ ባለ 64 ኪሎቢት ቺፖችን በርካሽ ገዝቶ በጤነኛው ግማሽ ብቻ ነበር የተጠቀመው። እነዚያን 4164 ይተካቸዋል።

ቆራሌው ጋር መዋል

ቀበሌ ለቀበሌ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩትን ልጆች ወዳጅ አድርጓቸው። ልዋጭ የሚሉትንም እንዲሁ። ለእነሱ ቦርድ ማለት ከውስጡ ለሚወጣው መዳብና አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ በመዶሻ ነው የሚፈቱት። እኔ ከመዶሻው በፊት መድረስ ነው የምፈልገው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፕሪንተር ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ማሙሽ፣ ብረቱን አንተ ውሰድ። አረንጓዴውን ቦርድ ሳትሰብር ብታመጣልኝ ከኪሎው በላይ እከፍልሃለሁ።»

እንዲህ ከተባባልን በኋላ ልጁ ያገኘውን ቦርድ ሁሉ ይዞልኝ ይመጣል። አብዛኛው የማይረባ ነው፤ ቢሆንም እገዛዋለሁ፣ አለበለዚያ መምጣቱን ያቆማል።

ምን እንደምትፈልጉ ልንገራችሁ። በሪባን የሚያትመው የድሮ ፕሪንተር ውስጥ ኢፕሮምና ብዙ 74ኤልኤስ አለ። 286 የሚባለው ፕሮሰሰር ያላቸውና ከዚያ በፊት የነበሩ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርድ ትልቅ ሀብት ነው። ሜሞሪያቸው ብዙ ጊዜ በሶኬት የተቀመጠ ስለሆነ በእጅ ነቅሎ መውሰድ ነው፤ 4164 ወይም 41256 ይሆናል። 41256 በኮሞዶር 64 ላይ 4164ን ይተካል። ዜድ80 ባላቸው ማሽኖች ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ሜሞሪውን የሚያድስበት መንገድ 128 ረድፍ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ 41256 ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከ286 በፊት በነበረው በአይቢኤም ኤክስቲ ዘመን ማዘርቦርድ ላይ 8255 አለ፣ እሱ አምስትራድ ሲፒሲና ኤምኤስኤክስ ለሚባሉት የቤት ኮምፒውተሮች ይሆናል። የድሮው ባለ አንድ ቀለም ሞኒተር ካርድ ላይ 6845 ታገኛላችሁ፣ እሱም ለአምስትራድና ቢቢሲ ማይክሮ ለሚባለው የቤት ኮምፒውተር። በጥቁር ሬንጅ ጠብታ የተሸፈነ ቺፕ ያለበትን የልጆች ጌም ግን አትድከሙበት፤ የሚነቀል ነገር የለውም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወገዱ ንብረቶችን በጨረታ ሲሸጥ ማስታወቂያውን ተከታተሉ። ጨረታውን እናንተ አትግቡ። የሚያሸንፈው ብረት ነጋዴ ነው፤ እሱን ቆይታችሁ ቦርዱን ብቻ ግዙት። ማርቆስ ካልተገኘ ባሕር ዳር፣ እዚያም ካልተገኘ የአባይን በረሃ ተሻግሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ መሄድ ነው። ምናለሽ ተራ ስትሄዱ የቺፑን ስም አትጥሩ፣ ማንም አያውቀውም፤ «የድሮ የኮምፒውተር ቦርድ» በሉ። ስሙን ከጠራችሁ ደግሞ ዋጋው በዚያው ደቂቃ ይጨምራል።

በደርግ ጊዜ ከሶቭየትና ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ መሣሪያ ብታገኙም አትለፉት። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ራሱ በ1963 በሶቭየት እርዳታ ነው የተቋቋመው፤ ስለዚህ የራሽያ ፊደል ያለበት ቦርድ በእኛ አካባቢ ቢወጣ አይግረማችሁ። 565ሩ5 የሚለው 4164 ነው። 565ሩ3 የሚለው 4116። በ555 የሚጀምረው 74ኤልኤስ ነው። የምሥራቅ ጀርመኑ ዩ880 ደግሞ ዜድ80 ነው። አንድ ችግር አለ። ሶቭየቶች በእግርና በእግር መካከል ያለውን ርቀት 2.5 ሚሊሜትር ነው ያደረጉት፣ የምዕራቡ 2.54 ነው። ባለ 16 እግሩ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ባለ 40 እግሩ ላይ ግን ተጠራቅሞ ከጫፍ ጫፍ 0.7 ሚሊሜትር ያልፋል፣ ሶኬቱ ውስጥ እግሩን ካላጣመማችሁ አይገባም።

ኢፕሮምና የጎጃም ፀሐይ

የማሽኑ ሮም (ፕሮግራሙ በቋሚነት የተጻፈበት ቺፕ) ከተበላሸ ያንኑ ቁጥር አትፈልጉ። ይዘቱን ባዶ ኢፕሮም ላይ ጽፋችሁ ትተካላችሁ። ባዶ ኢፕሮም ደግሞ ከፕሪንተርና ከድሮ ማዘርቦርድ ይገኛል፤ በተለጣፊ ወረቀት የተሸፈነች የመስታወት መስኮት ያለችው እሷ ናት። 2764 ማለት 8 ኪሎባይት፣ 27128 ማለት 16፣ 27256 ማለት 32 ነው። ከቁጥሩ መሀል ሲ ያለበትን፣ ማለትም 27ሲ256 ዓይነቱን ምረጡ። አሮጌው 2764 ለመጻፍ 21 ቮልት ይፈልጋል፤ ሲ ያለበት አብዛኛውን ጊዜ በ12.5 ይበቃዋል።

ለማጥፋት አልትራቫዮሌት ያስፈልጋል፣ ሞገዱ 253.7 ናኖሜትር የሆነ። ባለሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበት ሐምራዊ መብራት ይሠራል ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ የእሱ ሞገድ ረጅም ነው። ትክክለኛው መብራት ከሌላችሁ ፀሐይ አለ። የቺፕ አምራቾቹ መረጃ ቀጥተኛ ፀሐይ በአንድ ሳምንት ገደማ እንደሚያጠፋው ይናገራል። ወረቀቱን ላጡ፣ መስኮቱን በአልኮል ጥረጉ፣ ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን ጥላ በማያገኘው መስኮት ደፍ ላይ፣ ከመስታወቱ ውጭ በኩል፣ አስቀምጡ። በበጋ ነው እንግዲህ። ሐምሌ ላይ ማርቆስ ፀሐይ ፍለጋ የሚወጣ የለም።

የሚጽፈውን መሣሪያ በተመለከተ፣ ላፕቶፕ ጠጋኞች ዘንድ ያለው ትንሹ ሲኤች341ኤ ለዚህ አይሆንም። እሱ 24 እና 25 የሚባሉትን ባለ 8 እግር ሜሞሪዎች ብቻ ነው የሚጽፈው። ቲኤል866 ወይም ተመሳሳዩ ያለው ሰው ፈልጉ። ኮሞዶር 64 ላይ ሮሙ 24 እግር ስለሆነና 2764 28 እግር ስለሆነ መሀል ላይ የሚገባ አስማሚ ሶኬት ያስፈልጋል።

በቤቱ ብቻ የተሠራው ቺፕ

ኮሞዶር በ1994 ከስሯል። ቪክ፣ ሲድና 6526 (የኪቦርዱና የጆይስቲኩ ቺፕ) የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ዜድ80 እንኳን፣ ከ1976 ጀምሮ ሲመረት የኖረው፣ ዚሎግ ራሱን የቻለውን ቺፕ ማምረት እንደሚያቆም በ2024 አስታውቋል። ዜድ80 ግን በየቦርዱ ስላለ አትጨነቁ። ኤ ያለበት ለ4 ሜጋኸርዝ፣ ቢ ያለበት ለ6 ነው፣ ስፔክትረም 3.5 ነው የሚፈልገው። 6502 በዘመናዊ መልኩ 65ሲ02 ተብሎ አሁንም ይመረታል፤ ሆኖም እግሮቹ ሙሉ በሙሉ አንድ ስላልሆኑ የማሽናችሁን የሰርኪዩት ሥዕል ሳታዩ አትሰኩት። አታሪ 800ኤክስኤል ደግሞ ለራሱ የተለወጠ 6502 ስላለው ተራው አይሆነውም።

ኮሞዶር ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ከሜሞሪ ጋር መጀመሪያ የምጠረጥረው ፒኤልኤ የሚባለውን ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከየትኛው ቺፕ ጋር እንደሚነጋገር የሚመርጠው እሱ ነው። 82ኤስ100 የሚባለው ቺፕ ዘመድ ነው። በኢፕሮምና በአስማሚ የሚተኩት አሉ፣ አንዱ ቦርድ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ ይቀያየማል። ለዚሁ ተብሎ ዛሬ የሚሠራውን ምትክ ብታስመጡ ይሻላችኋል። ኪቦርዱ ወይም ጆይስቲኩ ካልሠራ 6526ን እዩ። ማሽኑ ውስጥ ሁለት አሉ። በሶኬት ከሆኑ አቀያይሯቸው፤ ችግሩ አብሮ ከተቀየረ ቺፑ ነው። ድምፅ ብቻ ከጠፋ አትቸኩሉ፤ ያለ ሲድም ማሽኑ ይነሣል፣ እስኪገኝ እየተጠቀማችሁበት መቆየት ትችላላችሁ። ሲድ ስትገዙ ግን አሮጌው 6581 12 ቮልት፣ አዲሱ 8580 9 ቮልት እንደሚፈልግ አትርሱ።

ሲድ በጣም ስለሚፈለግ ፎርጅዱ ብዙ ነው። ሌላ ቺፕ ፊቱን ፍቀው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ 6581 ብለው አትመው ይሸጡታል። የላዩና የጎኑ ልስላሴ ከተለያየ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጎድጓዳ በቀለም ከተሞላች፣ አሥሩም ቺፕ እንደ ትናንት የተሠራ ካብረቀረቀ ተዉት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በጥጥ ቀባ አድርጉ፤ ጥጡ ከጠቆረ ነገሩ ታወቀ። ይህን ፈተና ማለፍ ግን ለኦሪጅናልነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ሻጩ ማሽን ላይ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲልክ ጠይቁ።

ከውጭ ለማስመጣት ከሁሉም የሚቀለው በሰው ነው። ቺፕ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም፣ ኪሎም አይጨምርም። ዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ሲመጣ አድራሻው ላይ ቀድሞ እንዲደርስ እዘዙና ደረሰኙን አብሮ ይያዝ። አስተሻሸጉን ግን እናንተ ንገሩት። እግሩ በጥቁሩ ስፖንጅ ወይም በአሉሚኒየም ፎይል ላይ ይሰካ። ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ፎም አደራ እንዳይጠቀም፤ ኤሌክትሪክ ይጠራቀምበታል። አክስቶች ደግሞ ከነጩ ፎም ጋር ፍቅር አላቸው።

መንቀልና መትከል

አሮጌውን ቦርድ ከሰል ላይ አድርገው ቺፕ የሚያራግፉ አይቻለሁ። ጭሱ ውስጥ ሊድ አለ፣ ቺፑም ይታመማል። ጎረቤታችሁ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ሆት ኤር አለው። ሂዱና ለምኑት። ከእናንተ ኮምፒውተር ላይ የሞተውን ስታወጡ ግን ቺፑን አታድኑ፣ ቦርዱን አድኑ። መሞቱ ከተረጋገጠ እግሮቹን በጥሩ መቁረጫ አንድ በአንድ ቁረጡ፣ ከዚያ ቀሪውን እግር በካውያ እያሞቃችሁ ለየብቻ ሳቡ። የዚያ ዘመን ቦርድ የመዳብ መስመር ቀጭን ነው፤ ቶሎ ይላጣል። በቦታው ሶኬት ብየዱ፣ ቺፕ በቀጥታ አትበይዱ።

ሜሞሪ ስትጠረጥሩ ከመንቀላችሁ በፊት ማሽኑን አጥፍታችሁ ጤነኛውን በተጠረጠረው ላይ ደርቡት፣ ሁሉም እግር ይንካ፣ ከዚያ አብሩት። ምልክቱ ከተለወጠ አገኛችሁት። ካልተለወጠ ግን ቺፑ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ውስጡ ሾርት ከሆነ መደረብ አያሳይም።

ከመሰካታችሁ በፊት ሹራባችሁን አውልቁ፣ በተለይ ጥርና የካቲት አየሩ ደርቆ እጃችሁ ሲነዝር። ግራውንድ ላይ የተያያዘ ብረት ንኩ። የቺፑን ጎድጓዳ ጫፍ ቦርዱ ላይ ከተሳለው ጎን አዛምዱ። አብርታችሁ ጣታችሁን በየቺፑ ላይ አሳርፉ። ቪክ፣ ሲድ፣ ፒኤልኤ እና የስፔክትረሙ ዩኤልኤ በተፈጥሯቸው ይሞቃሉ፣ አትደንግጡ። ሜሞሪ ግን ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ቶሎ አጥፉት፣ ቀጣዩ የሚቀየረው እሱ ነው።